ስለ ሕፃናት ቋንቋ፤ ከእናት አፍ ስለሚገኘውና ከመምህር እግር ሥር ስለሚገኘው

ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ፒያሳ ባለው ስፍራ ልጅ ያላቸው ሰዎች በተገናኙ ጊዜ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። አባት ልጁ እንግሊዝኛውን ቶሎ እንዲይዝለት ሲል በቤት ውስጥ አማርኛ እንዳይነገረው ይከለክላል፤ አያት ደግሞ የልጅ ልጇ የምትነግረውን ተረት ሳይሰማ፣ የምትመርቀውንም ምርቃት ሳያውቅ መቅረቱ ያሳዝናታል። ሁለቱም ለልጁ በጎ ከማሰብ በቀር ሌላ ሐሳብ የላቸውም። ነገር ግን የሕፃን ጆሮና የሕፃን አእምሮ የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ነገሩ በፍቅርና በምኞት ብቻ የሚቈረጥ አይደለም። ይህንንም ሥርዓት ሊቃውንት ይልቁንም ካለፈው ግማሽ ምዕት ዓመት ወዲህ በብዙ ድካም መርምረውታል፤ አራዳም ራሷ ከተቈረቈረች ጀምራ ስትመሰክርለት ኖራለች። ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሹምም ሆነ ፊደል የሚያስቈጥር መምህር ሊያውቀው የሚገባ ነው።

የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም በነበረበት ዘመን ስፍራው የእህልና የጨርቅ ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ገበያ ነበር። ከከተማው ዙሪያ የመጣው ገበሬ በኦሮምኛ እህሉን ያስማማል፤ ጉራጌው በራሱ ቋንቋ የአገሩን ሰው ይጣራል፤ የመሐመድ ዐሊ ንግድ ቤት ሕንዶች በጉጅራትኛ ሒሳባቸውን ይተሳሰባሉ፤ ግሪኩና አርመኑ በየሱቃቸው በየቋንቋቸው ይነጋገራሉ፤ ዐረቡ ቸርቻሪ በዐረብኛ ይምላል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ ግዕዙ ይሰማል። በፈረንጅ 1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋራ ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የሙዚቃ መሣሪያቸውን ብቻ ሳይሆን አንድ ቋንቋ ጨምረው መምጣታቸው ነበር። ጠላት በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶ አሰኘው፤ ለቀድሞው ስፍራም ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶለት ሄደ። ሰው ጠላትን አባርሮ ስሙን ማስቀረቱ የሚያስገርም ነው፤ ቃል ግን አንድ ጊዜ በሕዝብ አፍ ከገባ በዐዋጅ አይወጣም።

በዚህ ስፍራ የሚኖር የውጭ አገር ነጋዴ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ፣ አማርኛ ተናግሮ፣ በአማርኛ ተካስሶ፣ በአማርኛ አበድሮ ሳለ፣ ገና አፉን ሲከፍት እንግድነቱ ይታወቅበታል። ልጁ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋራ አፈር ሲፈጭ ውሎ በአምስት ዓመቱ እንደ አገሩ ልጅ ይናገራል፤ በቤት የአባቱን ቋንቋ፣ በደጅ አማርኛውን፣ በትምህርት ቤት ሦስተኛውን ይይዛል። አባት የልጁን ያህል ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም፤ በዕውቀትም ከልጁ ይበልጣል። ታዲያ ሽማግሌው ያልቻለውን ሕፃኑ እንዴት ቻለ?

የነገሩ መጀመሪያ ከልደት ይቀድማል። ጽንስ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የእናቱን ድምፅ በማሕፀን ሆኖ ይሰማል። በፈረንጅ 1980 ዓ.ም. ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸውን ሕፃናት ሲመረምሩ፣ ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት ሲሉ የጡጦውን አጠባብ እንደሚለዋውጡ አገኙ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1971 ዓ.ም. ኢማስ ከባልደረቦቹ ጋራ ባደረገው ምርመራ የአንድ ወር ሕፃን «ባ» እና «ፓ» የሚባሉትን ድምፆች ለይቶ እንደሚሰማ ታውቋል። ይህ ነገር ለአማርኛ ሰው ትልቅ ቁም ነገር አለው። በጥንት ጊዜ በአማርኛ ጆሮ «ፐ» እንግዳ ድምፅ ስለ ነበረ፣ ፖሊስ የሚለው የፈረንጅ ቃል በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው «ቦሊስ» አለው፤ ዛሬም እንደዚያ የሚል ሽማግሌ አይታጣም። እንግዲህ አያቱ የማይለየውን ድምፅ የልጅ ልጁ በሕፃን አልጋ ተኝቶ ይለየው ነበር ማለት ነው።

ይህ ችሎታ ግን ሁልጊዜ አይኖርም። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በፈረንጅ 1984 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናትን የሕንድ ቋንቋና አንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ አሰምተዋቸው ነበር። ይህ የካናዳው ቋንቋ እንደ አማርኛው «ቀ» ከጕሮሮ ተጨቍነው የሚወጡ ድምፆች አሉት። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉት ሕፃናት ድምፆቹን ለዩ፤ ዓመት ሊሞላቸው የቀረቡት ግን አብዛኞቹ መለየት ተሳናቸው። የሕፃኑ ጆሮ ደነቈረ ማለት አይደለም፤ በአካባቢው ለሚነገረው ቋንቋ ተሳለ፣ ለማይነገረው ደግሞ ደነዘ ማለት ነው። በጎልማሳነቱ አዲስ አበባ የመጣ እንግሊዛዊ «ከበረ» እና «ቀበረ» ሲባል አንድ ቃል የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ታላቅ ሰው ከበሩ ሊል ፈልጎ ቀበሩ ቢል ሰሚዎቹ ሊስቁበት አይገባም፤ በሩ የተዘጋበት ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ነውና።

ቃልን ከቃል የመለየቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ጸሓፊ በብራና ላይ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖራል፤ አንባቢም ነጥቡን አይቶ ያርፋል። በንግግር ላይ ግን ሁለት ነጥብ የለም። የማይታወቅ ቋንቋ ሲነገር የሰማ ሰው ንግግሩ ያለ ማቋረጥ እንደሚወርድ ውሃ የሚመስለው ስለዚህ ነው። ሕፃኑ ይህንን ውሃ በምን ቈርጦ ቃል ያደርገዋል? በፈረንጅ 1996 ዓ.ም. ጄኒ ሳፍራንና ባልደረቦቿ ትርጕም የሌላቸውን፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቀለም ያላቸውን የፈጠራ ቃላት ያለ ምንም ማረፊያ እያከታተሉ ለስምንት ወር ሕፃናት ለሁለት ደቂቃ አሰሙ። ሕፃናቱም በዚህ አጭር ጊዜ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋራ ዘወትር ተከታትሎ እንደሚመጣ፣ የትኛው ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ እንደሚገናኝ ለዩ። ሁለት ነጥቡን የሚያኖረው እንግዲህ ራሱ ሕፃኑ ነው፤ የሚያኖረውም ድግግሞሹን በመቍጠር ነው። እናት ልጅዋን እያጫወተች «እማማ፣ አባባ፣ ና ወደ እማማ» እያለች ቃሉን የምትደጋግመው፣ ድምፅዋንም ከፍና ዝቅ የምታደርገው፣ ሳታውቀው ይህን ቍጥር ታቀልለታለች።

ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሆነው ሥራው ከቃል ወደ ሰዋስው ያልፋል። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ሰዋስው አሰናድተው ያሳተሙት ቋንቋው ለብዙ መቶ ዓመታት ከተነገረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት እናቶች ባለቤትና ተሳቢ የሚባል ነገር ሳይሰሙ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። ሕፃኑም የሰማውን ብቻ የሚደግም በቀቀን አይደለም። በአማርኛ «ወጣ» ካለ «ውጣ»፣ «በላ» ካለ «ብላ» ይባላል፤ «መጣ» ካለ ግን «ምጣ» አይባልም፣ «ና» ይባላል እንጂ። ትንሽ ልጅ «ምጣ» ቢል ሰው ይስቅበታል። ዳሩ ግን «ምጣ» የሚል ታላቅ ሰው በቤቱ ከሌለ ልጁ ከየት አመጣው? ከማንም አልሰማውም፤ ሕጉን ራሱ አውጥቶ፣ ሕጉ በማይሠራበት ቦታ ሠራበት። ስሕተቱ የዕውቀቱ ምስክር ነው። ዣን በርኮ የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ በፈረንጅ 1958 ዓ.ም. የፈጠራ እንስሳ ሥላ፣ የፈጠራ ስም ሰጥታ፣ «እነሆ አሁን ሁለት ሆኑ፤ ምን ይባላሉ?» ብላ ልጆችን ስትጠይቅ፣ ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ስም በቋንቋቸው ሥርዓት አብዝተው ጠርተውታል። መምህር በትምህርት ቤት የልጅን ስሕተት በአርጩሜ ከማረም በፊት ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ ብዙ ያተርፋል።

ከጓደኛ የሚገኘው ቋንቋ ከወላጅ ከሚገኘው ይልቅ ብርቱ መሆኑም መታወቅ አለበት። ከሌላ አገር የመጣ ቤተ ሰብ ልጅ አነጋገሩን የሚያስተካክለው በአባቱ ሳይሆን በሰፈሩ ልጆች ነው። የአራዳ ልጆች «ጀለስ» እና «ሼባ» የሚሉትን ዓይነት ቃላት ከየትም ለቅመው የራሳቸውን አነጋገር ሲያወጡ ሊቃውንቱ ያዝናሉ። ማዘናቸውስ ባልከፋ፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ያሉ ቋንቋዎች ሁሉ በአፍላ ጎረምሶችና በሕፃናት አፍ ሲለወጡ የኖሩ ናቸው።

ሕፃናት ቋንቋ የሚሰጣቸው ባይኖር ራሳቸው እስከ መፍጠር ይደርሳሉ። የጥንቱ የግሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ፣ የግብፅ ንጉሥ ፕሳሜጢኮስ የመጀመሪያውን የሰው ቋንቋ ለማወቅ ሁለት ሕፃናትን ማንም እንዳያናግራቸው አድርጎ በእረኛ ቤት እንዳሳደገ ይተርካል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ጥበብም አይባልም። በኒካራጓ ግን ከፈረንጅ 1977 ዓ.ም. ወዲህ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ልጆቹ በአንድነት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ማንም ክፉ ሳያስብባቸው አንድ ትልቅ ነገር ታየ። መምህራኑ የከንፈርን እንቅስቃሴ እየተመለከቱ እስፓኝኛ እንዲማሩ ይደክሙ ነበር፤ ልጆቹ ግን በጨዋታ ሜዳ በእጃቸው እየጠቀሱ መነጋገር ጀመሩ። ከኋላ የመጡት ታናናሾቹ ያንን ጥቅሻ ከታላላቆቻቸው ተቀብለው ሥርዓትና ሰዋስው ሰጡት፤ ዛሬ የኒካራጓ የምልክት ቋንቋ ተብሎ በዓለም ሊቃውንት ይጠናል። ከታላላቆቹ ይልቅ ታናናሾቹ ረቂቁን ሥርዓት ማውጣታቸው ልብ ይባል። መስማት የተሳነው ልጅ በኢትዮጵያም በብዙ ቤት ቋንቋ ሳያገኝ እስከ ሰባትና እስከ ስምንት ዓመቱ ይቀመጣል፤ ሰዎችም አእምሮው የደከመ ይመስላቸዋል። የጎደለው አእምሮ ሳይሆን በዐይኑ የሚቀበለው ቋንቋ ነው፤ በጊዜው ካላገኘውም ኋላ ሙሉ አድርጎ መያዝ እጅግ ያስቸግረዋል።

ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረዋል። ኤሪክ ሌነበርግ በፈረንጅ 1967 ዓ.ም. በጻፈው መጽሐፍ የቋንቋ በር በጕርምስና ወራት ይዘጋል ብሎ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃርትስሆርንና ባልደረቦቹ ወደ 670,000 የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቀው፣ የሁለተኛ ቋንቋን ሰዋስው አጥርቶ የመያዝ ችሎታ እስከ 17 ዓመት ገደማ ሳይደክም እንደሚቆይ ጻፉ። በሩ ለድምፅ ቶሎ፣ ለሰዋስው ዘግይቶ ይጠባል፤ ለአዲስ ቃል ግን እስከ እርጅና ክፍት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ከመምህር የሚገኘው ትምህርት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ንግግር ከእናት ይገኛል፤ ፊደል ግን ያለ መምህር አይገኝም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ የሠራውን ጥበብ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የግዕዝ ፊደል 26 ሲሆን በሰባት ሰባት ተባዝቶ 182 ይሆናል፤ የአማርኛው 33 ሲሆን 231 ይደርሳል። ተማሪው ይህን በዜማ እያነበነበ በጆሮው ይይዘዋል፤ ይዞትም ዐይኑን ከድኖ ከሀ እስከ ፐ ይወርደዋል። መምህሩ ግን በዚህ አይታለሉም፤ የጆሮ ዕውቀት የዐይን ዕውቀት አለመሆኑን ያውቃሉና። ስለዚህ አቡጊዳን ያመጣሉ። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተራው ሲገለባበጥበት ልጁ በዜማው መደገፍ ያቅተዋል፤ ፊደሉን እያንዳንዱን በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። በባሕር ማዶ በፈረንጅ 1974 ዓ.ም. ኢዛቤል ሊበርማን ከባልደረቦቿ ጋራ ባደረገችው ጥናት፣ ትናንሽ ልጆች ቃልን በቀለም መክፈል ቀሏቸው፣ በነጠላ ድምፅ መክፈል ግን እንደ ከበዳቸው ታይቷል። የኢትዮጵያ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀለም ስለሆነ ለሕፃን ጆሮ ቅርብ ነው፤ ምልክቱ መብዛቱ ግን ድካሙን ያረዝመዋል። ማንበብም በአእምሮ ውስጥ አዲስ ሥፍራ ያበጃል። ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቹ በፈረንጅ 2010 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ በሸመገለ ዕድሜ ማንበብ የተማረ ሰው አእምሮ እንኳ በዚህ ትምህርት ይለወጣል።

በዐይን ብቻ የተማረ ቋንቋ ምን እንደሚመስል የአባ ጎርጎርዮስና የሉዶልፍ ታሪክ ያሳያል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በአገሩ ሳለ ያለ መምህር ከመጻሕፍት ብቻ ግዕዝ አጥንቶ፣ በፈረንጅ 1649 ዓ.ም. ወደ ሮም ሄደ፤ በዚያም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከነበሩት ከአባ ጎርጎርዮስና ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸው በአማራ ምድር መካነ ሥላሴ ነው። ሉዶልፍ መጽሐፉን ከፍቶ ሲያነብ መነኮሳቱ በአነባበቡ ሳቁበት፤ ትርጓሜውን ሲናገር ግን ያለ መምህር እንዴት ደረሰበት ብለው ተደነቁ። ዐይኑ ግዕዝ ያውቅ ነበር፤ ጆሮውና አፉ ግን አያውቁም ነበር። በ1652 ዓ.ም. አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ሄደው አስተማሩት፤ እርሱም ኋላ የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የአማርኛውንም በ1698 ዓ.ም. አሳተመ። አውሮፓ አማርኛን በሥርዓት የተማረችው እንግዲህ ከአንድ የአማራ መነኩሴ አፍ ነው።

የቅኔ ቤት ተማሪ ደግሞ ከሉዶልፍ የከበደ ነገር ይገጥመዋል። ግዕዝ ከእናት አፍ መሰማቱ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ተማሪው ግን ማንበብና መተርጐም ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ አዲስ ቅኔ መቍጠር አለበት። ግሱን ይወርዳል፣ አገባቡን ያጠናል፣ የመምህሩን ነገራ ሰምቶ ይዞ ያድራል። ከዚያም ራሱ የቈጠረውን በመምህሩ ፊት አቅርቦ ይታረማል። ሕፃን በጨዋታ የሚያገኘውን ጎልማሳው በልመና ቍራሽና በሌሊት ትጋት ይገዛዋል ማለት ነው። ብዙ መስማት፣ ብዙ መናገር፣ ቶሎ መታረም፤ የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ዛሬ የባዕድ ቋንቋ መምህራን የሚመክሩትን ቀድሞ የያዘ ነው። በአዲሱ ትምህርት ቤት ብዙ ልጆች እንግሊዝኛን 10 ዓመት ተምረው አንድ ደብዳቤ መጻፍ የሚሳናቸው፣ መጽሐፉን ስለሚገለብጡ እንጂ ቋንቋውን ስለማይቈጥሩት ነው።

ቋንቋው ከተያዘ በኋላ አእምሮ እንዴት ይሠራበታል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ መልስ ያገኘው በሕሙማን ነው። በፈረንጅ 1861 ዓ.ም. ፖል ብሮካ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም፣ የሚባለውን እየሰማ «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችል አንድ ሕመምተኛ በሞተ ጊዜ አንጎሉን ቢመረምር፣ በግራው ወገን ከፊት በኩል ተጐድቶ አገኘው። በ1874 ዓ.ም. ካርል ቨርኒኬ ደግሞ ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ክፍል የተጐዳበት ሰው ንግግሩ እየፈሰሰ ትርጕም እንደሚያጣ፣ የሰው ንግግርም እንደማይገባው አስረዳ። ዛሬ ቋንቋ በሁለት ቦታ ብቻ ሳይሆን በብዙ የአንጎል ክፍል በአንድነት እንደሚሠራ ታውቋል።

አማርኛ አንባቢ ይህ ሥራ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ከገዛ መጽሐፉ ሊያየው ይችላል። «ሰው ይበላል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ላልቶ ሲነበብ ሰው እህል ይበላል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሰውየው ራሱ ይበላል፤ አንበሳ ወይም ጅብ ቀርቦታል። ፊደሉ አንድ ነው፤ መጥበቁንና መላላቱን አይነግርም። አንባቢ ግን ከፊትና ከኋላ ያለውን ነገር አይቶ ሳያቋርጥ ያልፋል። የአማርኛ ግስ በመጨረሻ መምጣቱም ሌላ ሸክም ነው። «ልጅቱ ከጊዮርጊስ በር ለቆመው ዐይነ ስውር ሽማግሌ የያዘችውን ዳቦ» ከተባለ በኋላ፣ ሰጠች ይሁን ነፈገች ገና አልታወቀም፤ ሰሚው ልጅቱን፣ ሽማግሌውንና ዳቦውን በልቡ ተሸክሞ ግሱን ይጠብቃል። ሲጠብቅም ዝም ብሎ አይደለም፤ የሚመጣውን እየገመተ ነው። ኩታስና ሂልያርድ በፈረንጅ 1980 ዓ.ም. እንዳገኙት፣ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ያልተገመተና ትርጕሙ የማይገጥም ቃል ሲመጣ ቃሉ በታየ በ400 ሚሊሴኮንድ ገደማ በአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ላይ ልዩ ምልክት ይታያል። ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ነው።

ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ዴቪድ ስዊኒ በፈረንጅ 1979 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት ደስ የሚያሰኝ ነው። ሁለት ትርጕም ያለው ቃል በተሰማበት ቅጽበት፣ ከፊት ያለው ነገር አንዱን ብቻ የሚያመለክት ቢሆንም እንኳ፣ ሁለቱም ትርጕሞች በሰሚው አእምሮ ይነሣሉ፤ ሦስት ቀለም ያህል ንግግር ካለፈ በኋላ ግን የማይስማማው ጠፍቶ የሚስማማው ብቻ ይቀራል። ተራ ሰሚ አንዱን ጥሎ ያልፋል፤ ባለ ቅኔው ግን ሊጠፋ ያለውን ይዞ ያስቀረዋል። የኅብረ ቃል ጥበብ እንግዲህ በዚያች አጭር ቅጽበት ላይ የቆመ ነው።

ወደ አራዳው አባትና ወደ አያት ክርክር ሲመለሱ፣ የውጭ ቋንቋ መማር ራሱ በደል እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ በፈረንጅ 1908 ዓ.ም. ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን እጅ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ኢጣልያንኛና ዐረብኛ እንዲሰጥ አድርገዋል። የገቡት ልጆች ግን አማርኛቸው በአፋቸው የጸና ነበረ። በ1955 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን የውጭውን ቋንቋ ከታናናሾቹ ክፍል ለማንሣት ነበር፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ደነገገ። ሕጉ መልካም ሲሆን የወላጅ ምኞት ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል።

የሕፃን አእምሮ ሁለት ቋንቋ በአንድ ጊዜ መያዝ አይከብደውም፤ የአራዳ አርመንና ግሪክ ልጆች ይህን አሳይተዋል። የሚከብደው ሁለቱንም ጐዶሎ አድርጎ ሲሰጡት ነው። አባት በደንብ የማያውቀውን እንግሊዝኛ ለልጁ ሲናገር ጥቂት ቃል ብቻ ይሰጠዋል፤ ቀልዱን፣ ቍጣውን፣ ተረቱንና ምክሩን በዚያ ቋንቋ ሊሰጠው አይችልም። የጎደለውን ለመሙላት ደግሞ ሕፃኑን በስልክና በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ያስቀምጠዋል። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በፈረንጅ 2003 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ሊነበብ የሚገባው ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን የቻይና ተወላጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው በቻይንኛ 12 ጊዜ አጫወቷቸው፤ ለሌሎቹ ያንኑ ጨዋታ በመስኮት አሳዩዋቸው። ሰው ያጫወታቸው ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ። መስኮቱን ያዩት ግን ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። ዐይን ለዐይን መተያየት፣ መጠቆም፣ ሕፃኑ ድምፅ ሲያሰማ መመለስ፤ ትምህርቱ በዚህ ውስጥ ነው፤ መስኮቱም ይህን አይሰጥም።

ሌላም የሚታዘንለት ልጅ አለ። በቤቱ ኦሮምኛ፣ ጉራጌኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ሲነገር ያደገ ሕፃን አራዳ ከሚገኝ የአማርኛ ትምህርት ቤት ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝም ይላል። መምህሩም ልቡ የደነዘ ነው ብሎ ከኋላ ወንበር ያስቀምጠዋል። ሕፃኑ ግን በዚያ ዝምታ ሁለት ነጥብ እያኖረ፣ ድግግሞሽ እየቈጠረ፣ ሕግ እያወጣ ነው፤ ከፊት ከተቀመጡት ይልቅ ሁለት እጥፍ ይሠራል። በትምህርት ሥራ ላይ የተሾመ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ሲጐበኝ ከሚያነበንቡት ልጆች ይልቅ ዝም ያሉትን ልጆች ቢጠይቅ፣ ሊጠይቅም በቤታቸው ቋንቋ ቢሆን፣ ብዙ ልጆች ከኋላ ወንበር ይነሡ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የከተማው መልሶ ልማት ሲከናወን ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በስፍራው ተመረቀ። በአንድ ግቢ አብረው ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ወደየፎቁ ተበተኑ፤ ጎረቤት በሌለበት ፎቅ ደግሞ ሕፃንን ከሚያናግሩት ውስጥ ቀዳሚዋ አያት ሆና ቀርታለች። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋና ስልኩም ሲደክም እንቆቅልሽ ትጠይቀዋለች። ልጁ ያስባል፤ አንድ መልስ ይሞክራል፤ አልሆነም ትለዋለች፤ ሌላ ይሞክራል። ሲያቅተው አገር ስጠኝ ትለዋለች። እሱም ከሚያውቃቸው አገሮች ሁሉ መርጦ ፒያሳን ይሰጣታል፤ እሷም ተቀብላ፣ በፒያሳ ያየችውንና የሰማችውን እያነሣች፣ መልሱን ገና ሳትነግረው ሌላ ግማሽ ሰዓት ታጫውተዋለች።